ከታች ገደል ያልመጡ ድንጋዮች

መካነ ሰላም፣ ጥር 1996 ዓ.ም.

ባሕር ተሻግሮ ለሚኖረው ለጡት ወንድሜ፤

እንዴት ከረምክ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ የዚያ አገር ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኛ ደህና ነን። እናትህ እማማ ሀዲያ ጉልበታቸውን ከሚያማቸው በቀር ደህና ናቸው። ትናንት ስሄድ ዱዓ አድርገውልኛል፤ ላንተም አድርገዋል፤ ያንተ ይረዝማል። ዘንድሮ ገብሱ ደህና ገብቷል፣ ባቄላውን ግን ውርጭ መትቶታል። እኔ ለዩኒቨርሲቲው እረፍት ከአዲስ አበባ መጥቼ በእናቴ በእቴቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ቤቱን አከራይተንለት የነበረው ሰው ስለለቀቀ ባዶውን አግኝቼዋለሁ።

ደብዳቤውን የምታደርስልህ የጎረቤታችን ልጅ ፈይዛ ናት፤ ለእረፍት መጥታ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ጅዳ ትመለሳለች። ስልክ ልደውልልህ እችል ነበር። ቴሌ ተሰልፌ፣ ተራዬ ደርሶ፣ "ሄሎ፣ ይሰማሃል?" "ሄሎ፣ ይሰማሻል?" ስንባባል፣ አንተም "አልሀምዱሊላህ፣ ምንም አልል" ስትለኝ መስመሩ ይቋረጣል። የምጠይቅህ ነገር በ"አልሀምዱሊላህ" የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብበው፣ ቁጭ ብለህም መልስልኝ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። በየካቲት 1990 ከታች ገደል ሰብስበህ የላክህልኝ ድንጋዮች ከየት የመጡ ናቸው?

ከስድስት ዓመት በኋላ ምን አስታወሳት ትል ይሆናል። አንተ ከላላ ታስተምር በነበረ ጊዜ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን ልሠራ መጥቼ በተከራየሃት ቤት እንዳረፍኩ አትረሳም። ከላላን ለቅቀን ወደ ዓባይ ስንወርድ መጀመሪያ ጥቁሩ ድንጋይ ነው። ከእሱ ሥር እንደ ደረጃ እየተነባበረ እስከ ወንዙ የሚወርደው ነጩ የኖራ ድንጋይ ነው። ይህ ሁሉ የባሕር ወለል ነበር ስልህ "ኖኅ ያለፈበት ነው በይኝና ልተኛ" አልከኝ። ከኖኅ በፊት ነው ብልህ ደግሞ "እንግዲያው ማን ቆሞ ቆጠረው?" ብለህ ሳቅህ።

ማን እንደቆጠረው ነግሬሃለሁ፤ ድንጋዩ ራሱ ነው የቆጠረው። ባሕሩ በየዘመኑ አንድ ንብርብር እያስቀመጠ ሄዷል፤ እያንዳንዱ ንብርብር የዘመኑን ውኃ ጠባይ ይዞ ቀርቷል። ኦክስጅን ቀላል አለው፣ ከባድ አለው። በቀዝቃዛ ውኃ የተሠራ ዛጎል ከባዱን አብዝቶ ይይዛል፣ በሞቀ ውኃ የተሠራው ቀላሉን። ድንጋዩ ተፈጭቶ አሲድ ሲነካው ይፈላል፤ የሚወጣው ጋዝ ይመዘናል፤ ባሕሩ በዚያ ዘመን ይሞቅ ወይም ይቀዘቅዝ እንደነበር ከዚያ ይነበባል። ንባቡ የሚያዘው ግን አንድ ነገር ካልተዛባ ብቻ ነው። የታችኛው ከታች፣ የላይኛው ከላይ መምጣት አለበት። ይህንንም ነግሬሃለሁ፤ ደጋግሜ።

በየንብርብሩ ላይ ቀይ ቀለም ቀባሁ። የላይኛውን ግማሽ ራሴ ሰበሰብኩ። ወደ ታችኛው ስንወርድ ቆላው በወባ ጣለኝ። አንተ ተሸክመህ አወጣኸኝና "ሂጂ ታከሚ። ቀለሙ አለ፣ መዶሻው አለ፣ እኔ አለሁ" አልከኝ። የጋሽ ይሄነውን በቅሎ ተከራየህ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ገና ክኒኔን ሳልጨርስ ከረጢቶቹ በጭነት መኪና ደረሱኝ። በእያንዳንዱ ላይ በዚያ ባማረ የአስተማሪ ጽሕፈትህ ቁጥሩ ነበረበት።

ከውጭ የመጣው ውጤት ደስ የሚል ነበር። የታችኛው ቀዝቃዛ፣ የመካከለኛው ሞቃት፣ የላይኛው እንደገና ቀዝቃዛ። ባሕሩ ሞቀ፣ ከዚያም ወደ ነበረበት ተመለሰ ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ተመረቅኩ፤ በዚያ ተቀጠርኩ። በውጭ አገር መጽሔት ሲወጣ በመጨረሻው ገጽ ያንተን ስም ጽፌ አመሰገንኩ። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ ያንን እንደ ኮረብታ ወጥቶ የሚወርድ መስመር በሰሌዳው ላይ እስላለሁ። "አያችሁ፣ ተመለሰ" እላቸዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ጀርመን አገር የስትሮንቲየም ምርመራ የማሠራት ዕድል አገኘሁ። ስትሮንቲየም በባሕር ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ነው። ባሕሩ በአንድ ዘመን ውስጥ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ምልክት አለው፤ ምልክቱም ከዘመን ወደ ዘመን ቀስ እያለ ይለወጣል። የኔ የታች ገደል ድንጋዮች ከላይኛው የመጨረሻ ንብርብር ጋር ልዩነት አልነበራቸውም። ማሽኑ ተሳስቷል ብዬ አስደገምኩ። ቀጥሎ ድንጋዮቹን እንደ ወረቀት ስስ አድርጌ በማይክሮስኮፕ አየኋቸው። ከላይኛው ንብርብር በቀር የማትገኝ አንዲት ደቃቃ ዛጎል በሁሉም ውስጥ አለች። የታች ገደል የምለው ሁሉ የላይ ገደል ነው። ባሕሩ ወደ ነበረበት አልተመለሰም፤ እኔ ነኝ አንዱን ቦታ ሁለት ጊዜ የለካሁት።

የላብራቶሪው ኃላፊ ሴትዮ ማን እንደሰበሰበው ጠየቀችኝ። ወንድሜ ነው አልኳት። "ታምኚዋለሽ?" አለችኝ። አንድ ጡት ጠብተን ነው ያደግን ብዬ ተቆጣኋት። እሷ ምን ታውቃለች፤ እማማ ሀዲያ አራስ ሆነው በታመሙ ጊዜ እቴቴ አንተን ከኔ ጋር አንድ ላይ ታቅፋ እንዳሳደገችህ አታውቅም። ከተቆጣሁ በኋላ ወደ ክፍሌ ሄጄ ሳስበው ያናደደኝ ሌላ ነገር ነበር። ጥቁሩን ድንጋይ ብትሞላበት ኖሮ ከረጢቱን እንደፈታሁ አውቅብህ ነበር። አንተ ግን ነጩን መረጥክ። እንዳሳየሁህ የቆዳውን ሰብረህ የውስጡን ወሰድክ፤ በቡጢ ልክ አደረግከው፤ ትቼልህ የሄድኩትን አሲድ አንጠባጥበህ መፍላቱን አየህ። ያታለልከኝ እኔው ባስተማርኩህ ነው።

እስከ ወሩ መጨረሻ ጽሑፌን ከመጽሔቱ ማንሳት አለብኝ። መጽሔቱ ምክንያቱን ጻፊ ይላል። ሰነፍክ? ገደሉን ፈራህ? ድንጋይ ምን ልዩነት አለው አልክ? ከሦስቱ አንዱን ንገረኝ፤ የትኛውም ቢሆን ካለማወቅ ይሻለኛል። ወርደህ ነበር ወይስ አልወረድክም?

---

ከዚህ በላይ ያለውን አጥፌ ለፈይዛ ልሰጣት ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። እሷ እስክትሄድ ቀን ስለነበረኝ በከላላ ገበያ ዕለት ጋሽ ይሄነውን ልጠይቅ ሄድኩ።

ጋሽ ይሄነውን ታውቃቸዋለህ፤ አላረጁም። ከበቅሎ ተራው ሆነው ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "እናንተ፣ መንገድ ልቀቁ፣ የድንጋይ ነጋዴዋ መጣች!" ብለው ሰዉን አሳቁብኝ። "ገበያው ስንዴ ሞልቶ አንቺ ዛሬም ድንጋይ ልትሸምቺ ነው?" አሉኝ። እኔም ሳቅኩና አዎ፣ ያኔ በበቅሎዎ ያስጫንኩትን ድንጋይ ላጣራ ነው የመጣሁት አልኳቸው።

"ኧረ በሞትኩት፣ ያንን ተይው! የበቅሎዬን ወገብ ቆርጦት ነበር። ደግሞ ጭነን ላራገፍነው!" አሉ።

የት አራገፋችሁት ብዬ ጠየቅኩ።

"የት ይሆናል፤ ጠበሉ ዘንድ ነዋ! እናትሽን በምን ልናወጣት ኖሯል? በድንጋዩ ላይ ደርበን?" ብለው ሳቁ። ስቀው ሳይጨርሱ ፊቴን አዩት። "አታውቂም እንዴ?" አሉኝ። ዘወር ብለው የጠበቀውን የኮርቻ ጠፍር እንደገና ማጥበቅ ጀመሩ። ሌላ ሰው መጥቶ ስለ ዋጋ ቢጠይቃቸው "ዛሬ አላከራይም" ብለው አባረሩት።

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ስለሆነ ልጻፈው። ወርደህ ነበር። እስከ ወንዙ። ቀይ ቀለም ካለበት ሁሉ አንድም ሳታስቀር ሰብስበሃል፤ "እንደ እብድ ሲወቅር ዋለ" ነው ያሉኝ። ጭነህ ስትመለስ ከመንገዱ ዳር ካለው ጠበል ሰዎች ሮጠው አንዲት ሴት ወድቃለች አሏችሁ። ሄደህ ስታይ እቴቴ ናት። ደጎሎ ዘመድ ጥየቃ ሄጃለሁ ብላ ለኔ መልእክት የላከችበት ጊዜ ነው። ደጎሎ አልነበረችም፤ ጠበሉ ዘንድ ሰንብታለች። ከረጢቶቹን ዘረገፍክ፣ እሷን በበቅሎዋ ላይ አደረግክ፣ አንተ ልጓሙን ይዘህ አቀበቱን ወጣችሁ። ጋሽ ይሄነው ከኋላ ሆነው ጀርባዋን ደግፈዋል።

በማግስቱ ተመልሰህ በቅሎዋን ጠየቅካቸው። ወደ ታች የምትወርድ መስሏቸው ነበር። አንተ ግን ለከተማው ከሚቀርበው ከመጀመሪያው ነጭ ገደል አፋፍ አቆምካቸውና ከረጢቱን እዚያው ትሞላ ጀመር። "ምነው፣ የለፋህበት ታች አይደል እንዴ?" ሲሉህ "መኪናው ነገ ይሄዳል። ከዘገየ ለምን ትለኛለች። ለምን ካለችኝ እኔ ለሷ መዋሸት አልችልበትም፤ ድንጋዩ ይዋሽልኝ" አልካቸው።

ዋሸልህ። ስድስት ዓመት ሙሉ አሳምሮ ዋሸልህ።

ከከላላ ተመልሼ በቀጥታ የሄድኩት እናትህ ዘንድ ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ሰላምታም ሳልሰጥ፣ እቴቴ ስንት ጊዜ ታማ ነው የሞተችው አልኳቸው። እማማ ሀዲያ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። "ማነው የነገረሽ?" አሉኝ እንጂ አልካዱም። በሕመሟ ጊዜ ገላዋን ያጥቧት የነበሩት እሳቸው ነበሩ። ሕመሙ በግራ ጡቷ እንደነበረ ነገሩኝ። ሁለታችንን በአንድ ጊዜ ስታጠባን ግራው ያንተ ነበር አሉ።

ለምን አልነገራችሁኝም ብዬ ጮህኩ፤ ጎረቤት ሰምቷል። "ብንነግርሽ ትመጫለሽ። ብትመጪ ትምህርቱ ይቀራል። ቢቀር እሷን ያኔውኑ ገደልናት ማለት ነው" አሉኝ። እንደዚያም ሆኖ ሞተች አይደል ወይ አልኳቸው። "ሞተች። ግን ልጄ ተመረቀች እያለች ሞተች። ፎቶሽን ግድግዳው ላይ ራሷ ናት የሰቀለችው፤ ባንድ እጇ" አሉኝ። ከዚያ አልቅሰው፣ እኔን መልሰው ገሰጹኝ፤ "ደግሞ እኔ ላይ ጫማሽን እንኳ ሳታወልቂ!" አሉኝ። አወለቅኩ።

ወንድሜ፣ ይህ ነው የማልችለው። አንተ ብቻ ብትሆን እችለው ነበር። እናትህ ያውቃሉ፣ ጋሽ ይሄነው ያውቃሉ፣ ጠበሉ ዘንድ የነበረ ሁሉ ያውቃል፣ ከላላ ለአንድ ሌሊት ያስታመመቻት አከራይህ ሳትቀር ታውቃለች። በዚያው ዓመት ለፋሲካ መጥቼ ነበር። እቴቴ ጋቢ ደርባ ከጥጉ ተቀምጣለች። ሙቀት ነው እኮ፣ ምነው ስላት "አርጅቼ ነዋ" አለችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ይገባል ይወጣል፤ ሁሉም ይስቃል፤ ሁሉም ያያታል። የማላያት እኔ ብቻ ነኝ። አንተም ከከላላ መጥተህ ነበር። አጠገቤ ተቀምጠህ "ድንጋዮችሽ ደህና ደረሱ? ጥሩ ናቸው?" አልከኝ። እኔም ጥሩ ናቸው፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኩህ።

በሰኔ 1991 "እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ ነይ" የሚል ቴሌግራም መጣልኝ። ስደርስ ተቀብራለች። ድንገተኛ ልብ ነው አላችሁኝ። እኔ ደግሞ ባለመሰቃየቷ ሰዉን ሳጽናና ከረምኩ። ልቅሶ ሊደርሰኝ የመጣውን ሁሉ "ድንገት ሆነባት፣ ደግነቱ አልተሠቃየችም" እለው ነበር። ሰዉም አንገቱን ደፍቶ "ደግነቱ" ይለኝ ነበር።

የሰው አገር ሰው ይህንን ብነግረው አይገባውም። እኛ አገር ለሩቅ ሰው ክፉ ወሬ እንደማይነገር አውቃለሁ፤ እኔም ለሌሎች ደብቄ አውቃለሁ። መደበቅና መተካት ግን አንድ አይደለም። ባዶ ከረጢት ብትልክልኝ ኖሮ እጠይቅ ነበር፤ መጠየቅ መብቴ ነበር። አንተ የላክህልኝ ጥያቄ እንዳልጠይቅ የሚያደርግ መልስ ነው። ትምህርቴን ወይስ እናቴን ብላችሁ ስትመርጡ እኔ በሌለሁበት መረጣችሁልኝ። የመረጣችሁልኝም ትምህርት ያው ነው፤ በውሸት ድንጋይ ላይ ቆሞ ስድስት ዓመት ቆየ።

ወደ ጅዳ የሄድክ ዕለት መናኸሪያው ላይ "አፉ በይኝ" አልከኝ። ተጓዥ ሁሉ ይቅርታ ሲጠይቅ የሚለው ነው፤ እኔም እንደ ማንም "አፉ ብዬሃለሁ፣ አንተም አፉ በለኝ" አልኩህ። ደገምከው። ሦስተኛ ስትል ሳቅ መጣብኝና ምን ሰርቀኸኝ ነው እንዲህ የምትለምነኝ አልኩህ። "ድንጋይ" አልከኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ረዳቱ "ደሴ! ደሴ!" እያለ ስለነበር ሻንጣህን አቀበልኩህ።

ትናንት እማማ ሀዲያን ያኔ ያልኩት አፉ ለዚህም ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። መቁጠሪያቸውን አነሱ። በኋላ "ሀቁ ያንቺ ነው ልጄ፣ እኔ አልፈርድብሽም። ስሙ ያልተጠራ ነገር አፉ አይባልም። ግን እሱ ጠርቶልሻል እኮ፤ አንቺ ሳቅሽ እንጂ" አሉኝ። አፉ ብያለሁም አልልህም፣ አላልኩምም አልልህም።

ለመጽሔቱ የምልከውን ዛሬ ጠዋት ጽፌ ጨርሻለሁ፤ አዲስ አበባ ስደርስ እልከዋለሁ። የታች ገደል ናሙናዎች ከተባለው ቦታ ስላልመጡ ጽሑፉ ይነሳልኝ ይላል። ምክንያት በሚለው ቦታ ብዙ ጊዜ ቆየሁ። በመጨረሻ "ሰብሳቢው በሥራው ላይ ሳለ እናቱ ስለታመመችበት ነው" ብዬ ጻፍኩ። መልሼ ሳነበው "እናቱ" የሚለው ላይ እስክሪብቶዬን አሳረፍኩ። እንዳለ ተውኩት።

ስለ ድንጋዮቹ አትጨነቅ። እረፍቴ ሳያልቅ ከጋሽ ይሄነው ጋር ወርጄ እኔው አመጣቸዋለሁ። ቀለሙ ለቆ ከሆነ እንደገና እቀባለሁ፤ ገደሉ የትም አይሄድም። ባሕሩ ተመልሶ እንደሆነ ወይም ሳይመለስ ቀርቶ እንደሆነ ያን ጊዜ አውቃለሁ።

ካንተ የምፈልገው ሌላ ነው። ከጠበሉ እስከ ከላላ ያለውን አቀበት አውቀዋለሁ፤ በወባ ሆኜ በጀርባህ ወጥቼዋለሁ፤ አያልቅም። እቴቴ ደግሞ በበቅሎ ላይ ተቀምጣ ዝም ብላ የምትሄድ ሴት አልነበረችም። ልጓሙን የያዝከው አንተ ነህ፤ ከፊቷ የነበርከው አንተ ነህ። ጋሽ ይሄነው "ስታወራው ይሰማኛል እንጂ የምትለው አይሰማኝም ነበር" አሉኝ። ያለችህን ሁሉ ጻፍልኝ። አታሳጥረው። ስለኔ ያለችው ካለ እሱን አስቀድም። ስለኔ ያለችው ከሌለም ግድ የለም፤ የሌለ ሞልተህ ግን አትላክልኝ።

አላህ ካንተ ጋር ይሁን፤ ከክፉ አሠሪና ከክፉ በሽታ ይጠብቅህ። የእቴቴ ምርቃት ለሁለታችንም ይድረሰን።

የጡት እህትህ